አዲስ የኤሌክትሪክ ጊታር በቆላ፦ ጠባዩን ከብልሽት ለይቶ ማወቅ

ሰሊጡ ታጭዶ ከተሸጠ በኋላ በመተማና በአካባቢዋ ከተሞች ገበያው ይደራል፤ ሠርጉም ይከታተላል። በዚህ ወቅት ያጠራቀመውን ገንዘብ ይዞ የኤሌክትሪክ ጊታር ለመግዛት የሚነሳ ወጣት አይጠፋም። ጊታሩ ጎንደር ሱቅ ውስጥ ሲሞከር ያማረ ድምፅ ነበረው እንበል። መተማ ሲደርስ ግን ቅኝቱን አይጠብቅም፤ ክሮቹ ይንጫረራሉ፤ የድምፅ ማጉያውም ያለማቋረጥ ያጉረመርማል። በዚህ ጊዜ ገዥው ተታለልሁ ብሎ ቢያስብ አይደንቅም። ይሁን እንጂ ከእነዚህ ምልክቶች አብዛኞቹ የዕቃው ጠባይ እንጂ ብልሽት አይደሉም። አንዱ ግን ሕይወት ሊያሳጣ የሚችል አደጋን ያመለክታል። ስለዚህ ጠባይን ከብልሽት፣ ብልሽትንም ከአደጋ ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ምክንያት እንጨቱ ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ 100 ሜትር ገደማ፣ መተማ ደግሞ 700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። ጊታሩ በአንድ ቀን ከደጋ አየር ወጥቶ በበጋ ከ40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሊያልፍ ወደሚችል ሙቀት ይወርዳል ማለት ነው። እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይሸበሸባል። ይህን ከገበሬ በላይ የሚያውቅ የለም። በበጋ የዶማ ዛቢያ ሲላላ ገበሬው ዶማው ተበላሸ ብሎ አይጥለውም፤ ውኃ ውስጥ ይነክረዋል፤ እንጨቱም አብጦ ብረቱን ያጠብቃል። ከበሮም በክረምት ሲረግብ ፀሐይ ወይም እሳት ይሞቃል እንጂ ቆዳው ወዲያው አይቀየርም። የጊታር አንገትም የሚገዛው በዚሁ ሕግ ነው።

ስድስቱ የብረት ክሮች አንገቱን በአንድነት የሚስቡበት ኃይል እንደ ክሮቹ ውፍረት 40 ኪሎ ግራም ያህል ክብደት ይሆናል። ይህን ስበት እንዲቋቋም አንገቱ ውስጥ የብረት ዘንግ ተቀብሯል። የአየሩ እርጥበት ሲለወጥ የእንጨቱና የዘንጉ ሚዛን ስለሚናጋ አንገቱ በጥቂቱ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ይጎብጣል። ሁኔታውን ለማወቅ ወፍራሙን ክር በመጀመሪያውና በመጨረሻው ፍሬት ላይ በአንድ ጊዜ ተጭኖ መሐሉን መመልከት ነው። በሰባተኛው ፍሬት አካባቢ የወረቀት ካርድ ውፍረት ያህል ክፍተት ቢታይ ደህና ነው። ክፍተቱ ጨርሶ ከጠፋ ክሮቹ ፍሬቱን እየነኩ ይንጫረራሉ፤ ዘንጉን በትንሹ ማላላት ይገባል። ክፍተቱ ከሰፋ ደግሞ ክሮቹ ከፍ ብለው ጣት ያደክማሉ፤ ዘንጉን ማጥበቅ ያሻል። በሁለቱም አቅጣጫ ከሩብ ዙር በላይ በአንድ ጊዜ ማዞር አይገባም። ከዚያም አንድ ቀን ጠብቆ እንደገና ማየት ይመከራል። በጉልበት የዞረ ዘንግ ሊሰበር ይችላል፤ ጥገናውም እጅግ አስቸጋሪ ነው።

እንዲያውም አዲሱን ጊታር ቤት ባደረሱት ዕለት ዘንጉን አለመንካት ይሻላል። በማኅደሩ ውስጥ እንዳለ አንድ ቀን አርፎ አየሩን ይልመድ። ፀሐይ በመታው የቆርቆሮ ጣሪያ ሥርም ሆነ በቆመ መኪና ውስጥ መተው ግን ሙጫውን ሊያላላ፣ አንገቱንም ሊያጣምም ይችላል። ለጊታር የሚስማማው የአየር እርጥበት ከ45 እስከ 55 በመቶ ነው። በደረቁ ወራት በተበሳ የሳሙና ማስቀመጫ ውስጥ በደንብ የተጨመቀ እርጥብ ስፖንጅ አድርጎ በማኅደሩ ጥግ ማኖር ይረዳል። በክረምት ስፖንጁ ይወጣል። ክሮቹን ላብ እንዳያዝጋቸው ከተጫወቱ በኋላ በደረቅ ጨርቅ መወልወል ነው። በበጋ የፍሬቶቹ ጫፍ እጅ ቢቧጭርም እንጨቱ ስለተሸበሸበ እንጂ ብረቱ ስላደገ አይደለም።

ሁለተኛው ጉዳይ ቅኝት ነው። አዲስ ክር እስኪለመጥ ድረስ በተደጋጋሚ ይረግባል፤ ለጥቂት ቀናት ደጋግሞ መቃኘት የተለመደ ነው። ብረት ሲሞቅ ስለሚረዝም በቀዝቃዛ ክፍል የተቃኘ ጊታር ሞቃት ድንኳን ውስጥ ሲገባ ድምፁ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ለሠርግ የሚጫወት ሰው ቀድሞ ደርሶ፣ ጊታሩን በቦታው ግማሽ ሰዓት ያህል አቆይቶ ቢቃኝ ይበጃል።

ክሮቹ ከረጉ በኋላም ቅኝት የሚያበላሽ ሌላ ነገር አለ። ክራርና ማሲንቆ ተጫዋቹ በጆሮው እንደፈለገ ይቃኛቸዋል፤ ጊታር ግን ድምፆቹ በፍሬት ተከፋፍለው የተወሰኑ ናቸው። በአንድ ክር ላይ ትዝታ ባዶውን ክር፣ 2ኛውን፣ 4ኛውን፣ 7ኛውንና 9ኛውን ፍሬት ይዞ በ12ኛው ላይ ወደ መነሻው ድምፅ ከፍ ብሎ ይመለሳል። አምባሰል ደግሞ ባዶውን ክር፣ 1ኛውን፣ 5ኛውን፣ 7ኛውንና 8ኛውን ይከተላል። በ12ኛው ፍሬት ላይ የሚሰማው ድምፅ ከባዶው ክር ጋር በትክክል ካልተስማማ ዜማው እየወጣ በሄደ ቁጥር ይጎረብጣል። በ12ኛው ላይ ያለው ድምፅ ከፍ ካለ በድልድዩ ላይ ያለውን የክር መቀመጫ ወደ ኋላ፣ ዝቅ ካለ ወደ ፊት ማንቀሳቀስ ነው። ስልክ ላይ የሚጫን የመቃኛ መተግበሪያ ለዚህ ሥራ ይበቃል።

ይህ የአምስት ድምፅ ዜማ የድንበሩ ሁለት ወገኖች የጋራ ሀብት ነው። በኢትዮጵያ ሰላም ሥዩም በአይቤክስና በሮሃ ባንድ፣ በሱዳን ደግሞ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ሸርሐቢል አሕመድ የኤሌክትሪክ ጊታርን ከሀገራቸው ዜማ ጋር አስማምተዋል። ከፖርት ሱዳን የወጣው ኑሪ ደግሞ የጊታር አንገትን ከአባቱ ካገኘው ታምቡር ጋር አጋጥሞ የራሱን መሣሪያ ሠርቷል።

ሦስተኛው ጉዳይ ማጉረምረሙ ነው። ከክሮቹ ሥር ያለው ፒክአፕ በማግኔት ዙሪያ በሺዎች ጊዜ የተጠመጠመ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ነው። ክሩ ሲርገበገብ በሽቦው ውስጥ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ኃይል ይፈጠራል፤ ማጉያውም ያንን ያጎላዋል። ነገር ግን ሽቦው በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚመላለሰውን የቤታችንን ኤሌክትሪክ መስክም አብሮ ይለቅማል። በ1954 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ለገበያ የቀረበው ስትራቶካስተርና እሱን መስለው የሚሠሩ ጊታሮች ባለ አንድ ጥምጥም ፒክአፕ ስላላቸው በተፈጥሯቸው ያጉረመርማሉ። በ1955 ሴት ላቨር የተባለ የጊብሰን መሐንዲስ ሁለት ተቃራኒ ጥምጥሞችን አጣምሮ ጉርምርምታው እርስ በርሱ እንዲጣፋ አድርጓል። ባለ አንድ ጥምጥም ጊታር የገዛ ሰው ከማጉያው፣ ከፍሎረሰንት መብራትና ከስልክ ቻርጀር ራቅ ብሎ፣ አቅጣጫውንም እየለወጠ ይሞክር። የድምፅ መቆጣጠሪያው ሲዞር የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ብዙውን ጊዜ አቧራ ነው፤ በኤሌክትሪክ ዕቃ ማጽጃ ፈሳሽ ይስተካከላል።

አሁን ወደ አደጋው እንምጣ። የጊታሩ ክሮች በገመዱ በኩል ከማጉያው የመሬት ሽቦ ጋር የተገናኙ ናቸው። የመሬት ሽቦው ከተቋረጠ፣ ወይም ማጉያውና ማይክሮፎኑ የተሰኩበት መስመር በትክክል ካልተዘረጋ፣ በክሩና በማይክሮፎኑ መካከል የኤሌክትሪክ ኃይል ልዩነት ይፈጠራል። ያኔ ክሩን በእጁ ይዞ ማይክሮፎኑን በከንፈሩ የነካ ሰው የኤሌክትሪኩ መተላለፊያ ይሆናል። በ1972 ስኮትላንዳዊው ጊታር ተጫዋች ሌስሊ ሃርቪ በዌልስ ስዋንሲ ከተማ መድረክ ላይ በእርጥብ እጁ የመሬት መስመር የሌለው ማይክሮፎን ነክቶ ሕይወቱ አልፏል። በቆላ ሙቀት የተጫዋች እጅ በላብ ይርሳል፤ ላብ ደግሞ ኤሌክትሪክን ያሳልጣል።

ክሩን ሲይዙ ጉርምርምታው ቀነስ ቢል የተለመደ ጠባይ ነው። ክሩን ወይም ማይክሮፎኑን ሲነኩ ትንሽም ቢሆን የሚነዝር ከሆነ ግን ወዲያው ማቆም፣ ዋናውን ማብሪያና ማጥፊያ ማጥፋትና የኤሌክትሪክ ባለሙያ መጥራት ግዴታ ነው። የማጉያውን ሦስተኛ የሶኬት እግር መቁረጥም ሆነ የመሬት መስመር በሌለው ማራዘሚያ መሰካት ፈጽሞ አይገባም። በጄኔሬተር በሚሠራ ድንኳን ውስጥም የመሬት መስመሩ ከዝግጅቱ በፊት ይፈተሽ።

ስለዚህ ጊታሩን ወደ ሻጩ ከመመለስ በፊት አንድ ቀን አሳርፎ፣ ክሮቹን ቃኝቶ፣ አንገቱን አይቶ፣ በሌላ ገመድና በሌላ ቤት ሶኬት መሞከር ይገባል። ያለ ማጉያ የሚሰማ ቀላል መንጫረር በማጉያው የማይሰማ ከሆነ ጉድለት አይባልም። አንገቱ የተጠማዘዘ፣ መቃኛው የሚንሸራተት ወይም አንዱ ፒክአፕ ጨርሶ የማይሰማ ከሆነ ግን ይህ ጠባይ ሳይሆን ብልሽት ነው። ገዥው ደረሰኙን ይዞ ቢመለስ ይገባዋል።