«ባይቸኩሉ ኖሮ»፦ ያልሆነ ታሪክ ልቦለድና የ1898ቱ የደቡብ ምዕራብ ፍጥጫ

አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1908 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሮም ላይ ያሳተመውን ሥራ «ልብ ወለድ ታሪክ» ብሎ ሲሰይመው፣ «ታሪክ» የሚለው ቃል ከተረክ ያለፈ ትርጉም አልነበረውም። ይሁን እንጂ የአፈወርቅን ስያሜ ቃል በቃል የሚወስድ አንድ የልቦለድ ዘውግ አለ፤ ይኸውም የታወቀ የታሪክ ክንውን ሌላ አቅጣጫ ይዞ ቢሆን ኖሮ ምን ይከተል እንደነበር የሚተርከው ነው። በዚህ ጽሑፍ የዘውጉን አሠራር ለማብራራት እሞክራለሁ። ምሳሌዬንም ከአማንና ከአካባቢው አመጣለሁ።

አማርኛ ለዚህ ዘውግ የተሰናዳ ሰዋስው አለው። «ባይቸኩሉ ኖሮ ይገናኙ ነበር» ስንል «ኖሮ» ያልሆነውን ይከፍታል፣ «ነበር» ይዘጋዋል፤ ሰሚው አለመገናኘታቸውን በዚያው ይረዳል። ልቦለድ ግን በዚህ አገባብ ሦስት መቶ ገጽ ሊዘልቅ አይችልም። ስለዚህ ደራሲው «ኖሮ»ን ከዓረፍተ ነገሩ አውጥቶ በአንባቢው ልቡና ያኖረውና «ተገናኙ» እያለ ይተርካል። አሜሪካዊው ፊሊፕ ዲክ በ1962 ባሳተመው «ዘ ማን ኢን ዘ ሃይ ካስል» ጀርመንና ጃፓን ጦርነቱን አሸንፈው በጥርጣሬ ሲተያዩ ያሳያል፤ በዚያው ዓለም የሚኖር አንድ ደራሲ ደግሞ ሁለቱ የተሸነፉበትን ታሪክ ይጽፋል። እንዲህ ሲሆን «ኖሮ» ተመልሶ ወደ መጽሐፉ ውስጥ ይገባል።

ቀዝቃዛ ጦርነት ሲባል ወደ አእምሯችን የሚመጡት ሁለት ኃያላን ናቸው፤ በ1977 ኢትዮጵያ ከአሜሪካ ወደ ሶቪየት ኅብረት፣ ሶማሊያም በተቃራኒው ሲዞሩ ላየ ሰው ይህ አይገርምም። ቃሉን በ1945 በጽሑፍ የተጠቀመበት ጆርጅ ኦርዌል ግን በ1949 በታተመው «1984» ያቆመው ሦስት ኃያላንን ነው። የተፎካካሪዎቹ ቁጥር ከሁለት ሲያልፍ ስምምነቱም ክህደቱም ይበዛል፤ በመካከል ያለውም መንግሥት የሚጫወትበት ቦታ ያገኛል።

ከዓድዋ ድል በኋላ የሆነው ይኸው ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በመጋቢት 1897 ከፈረንሳይ ጋር ስለ ነጭ አባይ በምሥጢር ተዋዋሉ፤ በግንቦት ከብሪታኒያ ጋር ሌላ ውል ተፈራረሙ፤ ከኦምዱርማኑ ኸሊፋም ጋር መልእክት ይለዋወጡ ነበር። ጣሊያናዊው ቦቴጎ ኦሞን ተከትሎ እስከ ሩዶልፍ ሐይቅ ደርሶ በ1897 ወለጋ ውስጥ ተገደለ። በዚያው ዓመት ራስ ወልደ ጊዮርጊስ ከፋን ወግተው ንጉሡን ጋኪ ሸሮቾን ማረኩ፤ በሚቀጥለውም ዓመት ሩሲያዊው መኮንን ቡላቶቪች አብሯቸው ሆኖ ከከፋ ተነሥተው በቤንችና በማጂ አቅጣጫ ወደ ሩዶልፍ ወረዱ። ከኡጋንዳ ወደ ሰሜን ሊገሰግስ የተሰናዳው የእንግሊዝ ጦር በራሱ ወታደሮች ዐመፅ ዘገየ።

የታሪኩ ማጠፊያ ግን ከዚህ ወደ ሰሜን ምዕራብ ነው። ከጎሬ የዘመቱት ደጃዝማች ተሰማ ናደው በሰኔ 1898 ሶባት ወንዝ ከነጭ አባይ ከሚቀላቀልበት ደረሱ። ሩሲያዊው ኮሎኔል አርታሞኖቭና ፈረንሳውያን አብረዋቸው ነበሩ። ባንዲራም ተተከለ፤ የፈረንሳይን ባንዲራ ዋኝተው ማዶ የተከሉት ሩሲያውያን መሆናቸው ለልቦለድ ጸሐፊ የተሰጠ ሲሳይ ነው። ሆኖም ሠራዊቱን ንዳድ ስለ ፈጀው ወዲያው ተመለሱ። የፈረንሳዩ ማርሻን ሐምሌ 10 ቀን ፋሾዳ ሲገባ የጠበቀው ሰው አልነበረም። በመስከረም ኪችነር መጣ፤ ጥይት ሳይተኮስ ፈረንሳይ ለቀቀች። ማርሻንም በሶባትና በባሮ ሽቅብ ወጥቶ፣ በጎሬ በኩል አዲስ አበባ ገብቶ በጅቡቲ አገሩ ተመለሰ።

ሁለት ሦስት ሳምንት ብቻ! መልካም ማጠፊያ እንዲህ ትንሽ መሆን አለበት፤ ንዳድ ወይም የዝናብ መዘግየት ይበቃዋል። መዘዙ ደግሞ በካርታ ላይ ብቻ መታየት የለበትም። በ1902 የተፈረመው የወሰን ውል ብሪታኒያ ጋምቤላ ላይ የንግድ ጣቢያ እንድታቆም ፈቀደ፤ የደቡብ ምዕራብ ቡናም ባሮ በሚሞላበት ክረምት በመርከብ ወደ ካርቱም ይወርድ ጀመር፤ ጣቢያው ወደ ኢትዮጵያ የተመለሰው በ1956 ነው። ተሰማና ማርሻን ተገናኝተው ቢሆን ኖሮ ያ ቡና በማን መርከብ፣ በየትኛው ገንዘብ ይሸጥ ነበር? ደራሲው ከገበያው ሚዛን ቢጀምር ከቤተ መንግሥት ከመጀመር የተሻለ ይመስለኛል።

እዚህ ላይ ግን ዘውጉን የሚፈትን ነገር አለ። ያ ፍጥጫ «ቀዝቃዛ» የነበረው ለኃያላኑ ነው። ለከፋ፣ ለቤንች፣ ለሸኮ ሰው ከተፎካካሪዎቹ አንዱ የምኒልክ ጦር ራሱ ነበር፤ ቤት ያቃጠለው፣ ሰው የማረከውም እሱ ነው። በእኛ ዘንድ «ቢሆን ኖሮ» ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበው የአገሪቱ ወሰን ምን ያህል ይሰፋ እንደነበር ነው። አማን ላይ ቆሞ ለሚጠይቅ ሰው ግን የመጀመሪያው «ኖሮ» ሌላ ነው፤ ከእነዚህ ሁሉ አንዳቸውም ባይመጡ ኖሮ የሚል። ይህን ጥያቄ ሳያነሣ ስለ ፋሾዳ የሚጽፍ ደራሲ፣ ባንዲራውን ቢለዋውጥም የሚያየው በዘማቾቹ ዓይን ነው።

ችግሩ የምንጭም ነው። የዘመቻውን መንገድ በቅርብ የጻፈው ቡላቶቪች ነው፤ መጽሐፉ በ1900 ታትሟል። ከሩዶልፍ አቅራቢያ አካሉ የጎደለ ሕፃን አንሥቶ ወደ ሩሲያ ወስዷል፤ ቫስካ ብሎም ሰይሞታል። ይህን ልጅ ተራኪው ለማድረግ የሚያስብ ደራሲ፣ ከፋሾዳም ከባንዲራውም በፊት፣ ቫስካ ከመባሉ አስቀድሞ እናቱ ምን ብላ ትጠራው እንደነበር መወሰን ይኖርበታል።