ከሕመም በኋላ በእጅ ሥራ ውለታ መመለስ፦ እጃችንንም እየጠበቅን



ሰሞኑን ሰሚት የሚኖሩ አንዲት እናት እዚህ ቦሌ ለክትትል መጥተው ነበር (የምጽፈው በፈቃዳቸው ነው)። የጡት ካንሰር ሕክምናቸውን ከጨረሱ ወራት ሆኗቸዋል። ከቦርሳቸው በኪሮሽ የተሠራ ኮፍያ አወጡና "ዶክተር፣ ኬሞ ላይ ሆኜ ፀጉሬ ሲረግፍ አንዲት የማላውቃት ሴት ናት ይሄን የሰጠችኝ። እኔም ለሌሎች ልሠራ ስል ልጄ ከለከለችኝ" አሉኝ። ልጃቸውም "እጇ እንዳያብጥ ፈርቼ ነው እኮ!" አለች።

ሁለቱም ልክ ናቸው።

ታሞ የዳነ ሰው ለረጅም ጊዜ ሲቀበል ነው የከረመው፦ ጸሎት፣ ገንዘብ፣ ሾርባ፣ የሰው ጊዜ። አንድ ቀን እሱም ሰጪ መሆን ያምረዋል። "አርፈህ ተቀመጥ" የምንለው ከፍቅር ነው፤ እሱ ግን "አሁንም በሽተኛ ነህ" የተባለ ይመስለዋል።

በአገራችን ታክሞ ውለታ የመለሰ ሰው ብዙ ነው። ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ በወጣትነታቸው በፊስቱላ ታመው ዶ/ር ካትሪን እና ዶ/ር ሬጂናልድ ሐምሊን አከሟቸው። ከዚያ አልጋ በማንጠፍና ታካሚ በመደገፍ ጀምረው፣ ቀስ በቀስ ራሳቸው ፊስቱላ የሚጠግኑ ባለሙያ ሆኑ።

ወደ እጅ ሥራ ስንመጣ ደግሞ በዘነበወርቅ፣ በአለርት ሆስፒታል አካባቢ ከሥጋ ደዌ የዳኑ ሰዎች በጥልፍና በሽመና ይታወቃሉ። ከእነሱ የምንማረው ትልቅ ነገር አለ። የሥጋ ደዌ ነርቭን ይጎዳል። መድኃኒቱ ባክቴሪያውን ቢገድልም የጠፋው የእጅ ስሜት ብዙ ጊዜ አይመለስም። መርፌ ቢወጋ፣ ትኩስ ነገር ቢያቃጥል አይታወቅም። ስለዚህ ጣት ያልነገራቸውን በዓይናቸው ያያሉ፤ እጃቸውን በየቀኑ ይፈትሻሉ።

አንዳንድ የኬሞ መድኃኒቶችም ጣት ያደነዝዛሉ፤ የቆየ ስኳር በሽታም እንደዚሁ። ስለዚህ፦

1. ጣታችሁ የሚደነዝዝ ከሆነ ከሹል መርፌ ይልቅ ጫፉ ዱልዱም የሆነ ኪሮሽ ምረጡ። በቂ ብርሃን ያለበት ቦታ ሥሩ። ስትጨርሱ ጣቶቻችሁን አንድ በአንድ እዩ።

2. በጡት ካንሰር ምክንያት ከብብት ሥር እጢ ከወጣላችሁ በዚያ በኩል ያለው እጅ ሊያብጥ ይችላል። ይህ ማለት ግን እጁን አትጠቀሙ ማለት አይደለም! ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ጀምሩ፣ እረፍት አድርጉ፣ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። እጃችሁ ከከበዳችሁ ወይም ቀለበት ከጠበባችሁ ሐኪማችሁን አማክሩ። እጁ ከቀላ፣ ከሞቀ ወይም ትኩሳት ካላችሁ ግን ነገ አትበሉ፤ በዕለቱ ሂዱ።

3. አቅም በሚኖራችሁ ሰዓት ሥሩ፤ ሳይደክማችሁ አቁሙ።

4. ኮፍያው ለኬሞ ታካሚ ከሆነ ለስላሳ የጥጥ ክር ይሁን፤ ሱፍ ፀጉር የሌለውን ራስ ያሳክካል። አጥባችሁ፣ በደንብ አድርቃችሁ፣ በንጹሕ ፌስታል አድርጉት። ከመውሰዳችሁ በፊት የክፍሉን ነርስ ጠይቁ። ጉንፋን ወይም ሳል ከያዛችሁ ሌላ ሰው ያድርስላችሁ፤ ኬሞ ላይ ያለ ሰው በሽታ የመከላከል አቅሙ ዝቅ ይላል።

5. በወር ይሄን ያህል ካልሠራሁ ብላችሁ አትጨነቁ። ውለታ የባንክ ብድር አይደለም፤ አንድ ኮፍያም ስጦታ ነው።

ቤተሰቦችም፣ "ተይው" ከማለት በፊት "ምን ላግዝሽ?" በሉ።

እኚያን እናት እጃቸውን አይቼ በቀን 20 ደቂቃ እንዲጀምሩ ተስማማን። ክሩን የምትገዛው ልጃቸው ናት፤ ሰዓት የምትይዘውም እሷው።

ከሕመም ያገገመ ወዳጅ ካላችሁ ይህን አድርሱት። ጤናችሁ ይብዛ!