ዲኤክስ፣ ጂኤል፣ ጂቲ፦ ኮሮላን በዓባይ በረሃ መመዘን

ከጎሐ ጽዮን ወርዶ፣ ዓባይን ተሻግሮ ደጀን የወጣ መኪና ፈተናውን አልፏል። መንገዱ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሁለቱም ጫፎች ከ2,400 ሜትር ከፍታ በላይ ናቸው፤ ድልድዩ ያለው ግን ከ1,100 ሜትር በታች ነው። በጃፓን መንግሥት እርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀው የህዳሴ ድልድይ 303 ሜትር ይረዝማል። ደጀን ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ሌላው በቢቸና አድርጎ ወደ ሞጣ። ከአዲስ አበባ ወደ ሁለቱም የሚሄድ ሰው በመጀመሪያ በረሃውን መውረድና መውጣት አለበት።

በዚህ መንገድ ለዓመታት ከተመላለሱት የቤት አውቶሞቢሎች አንዷ ቶዮታ ኮሮላ ናት። እኛ በአጭሩ «ዲኤክስ» እንላታለን። ብዙ ሰው ይህ የመኪናዋ ስም ይመስለዋል። ዲኤክስ ግን «ዴሉክስ» የሚለው ቃል ምሕጻር ነው፤ የሚናገረውም ስለ ደረጃዋ ብቻ ነው። መኪናዋ አራተኛው ትውልድ ኮሮላ ስትሆን፣ ጃፓን ውስጥ ለገበያ የቀረበችው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1979 ነው። ሞተሯ ከፊት ሆኖ የኋላ ጎማ የሚገፋት የመጨረሻዋ የኮሮላ ሴዳን እሷ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1983 የተካቻት ሴዳን በፊት ጎማ የምትጎተት ሆነች።

ደረጃዎቹን ከታች ወደ ላይ እንያቸው። ስታንዳርድ ባዶዋ ናት። ዲኤክስ ትንሽ ተሻሽላለች። ጂኤልና ኤስኢ ደግሞ ከዚያ በላይ ናቸው። የሚጨመረው ዕቃ መኪናዋ እንደተሸጠችበት አገር ቢለያይም፣ አብዛኛው የሚታይና የሚዳሰስ ነው፤ የወንበር ጨርቅ፣ ምንጣፍ፣ ሰዓት፣ ሬዲዮ፣ የውጭ ጌጥ። ዛሬ ሻጭ «ፉል ናት» ሲል የሚያወራውም ይህንኑ ነው። ከእነዚህ ፊደላት የሚለየው ጂቲ ነው፤ እሱ ኮፈኑ ሥር ድረስ ይዘልቃል።

ልዩነቱን የሚያሳየው ሞተሩ ነው። የብዙዎቹ ዲኤክሶች ሞተር 4ኬ ይባላል፤ 1,290 ሲሲ ነው። ካምሻፍቱ ከታች ብሎኩ ውስጥ ተቀምጦ ቫልቮቹን በዘንግ እየገፋ ይከፍታል፤ የሚዞረው በሰንሰለት ሲሆን ቤንዚኑን የሚቀበለው በካርቡሬተር ነው። ጉልበቱ በጃፓን አለካክ 70 ፈረስ ገደማ ነው። የጃፓኗ ጂቲ ሴዳን ግን 1,588 ሲሲ የሆነ፣ ቴስታታው ላይ ሁለት ካምሻፍት ያለው፣ በኤሌክትሮኒክ መርጫ ቤንዚን የሚቀበል ሞተር ነበራት፤ 115 ፈረስ ያወጣል። ከእነዚህ ሌላ 1,452 ሲሲ ቤንዚንና 1,839 ሲሲ ናፍጣም ነበሩ። ሁሉም ከውጭ ሲታዩ አንድ ዓይነት ኮሮላ ናቸው።

አሁን ወደ በረሃው እንውረድ። አራት ሰው የጫነች ዲኤክስ 1,200 ኪሎ ያህል ትመዝናለች። ይህ ክብደት ከ1,300 ሜትር በላይ ሲወርድ የሚለቀው ኃይል 50 ሊትር ገደማ ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ሹፌሩ ማርሹን ፎሌ ላይ አድርጎ በፍሬን ብቻ ከወረደ፣ ከአየር የሚተርፈው ያ ሁሉ ሙቀት የሚያርፈው ፍሬኑ ላይ ነው። ሸራው ሲግል መያዝ ያቅተዋል፤ የፍሬን ዘይቱ ከፈላ ደግሞ ፔዳሉ ባዶ ይወርዳል። ስለዚህ በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ማርሽ፣ ሞተሩ ራሱ እንዲይዛት አድርጎ መውረድ ግዴታ ነው። ጂቲም ብትሆን ከዚህ ሕግ አታመልጥም።

ድልድዩን አልፎ ወደ ደጀን ሲወጣ ፈተናው ይገለበጣል። ከታች ሙቀቱ ራዲያተሩን ይፈትናል፤ ከላይ አየሩ ይሳሳል። ደጀን ከፍታ ላይ ያለው አየር ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ከአምስት እጅ አንድ እጅ ያህል ይጎድለዋል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተርም ጉልበቱ በዚያው መጠን ይቀንሳል። የ70 ፈረሷ ዲኤክስ ከ55 ብዙም የማይበልጥ ይዛ ትወጣለች፤ የጂቲዋ 115 ወደ 90 ይወርዳል። ካርቡሬተር አየሩ መሳሳቱን አያውቅም፤ ቤንዚን አብዝቶ ይሰጣል፣ መኪናዋም ትጨሳለች። መርጫው ግን የሚገባውን አየር ለክቶ ቤንዚኑን ይቀንሳል። ጂቲ ደረጃዋን በእውነት የምታስመሰክረው እዚህ ዳገት ላይ ነው። አምስተኛ ማርሽ ያላት ዲኤክስ ግን እዚህ ምንም አትጠቀምም፤ አምስተኛው የሜዳ ማርሽ ነው።

እንግዲህ የምትገዛ ሰው ሆይ፣ ከኋላ የተለጠፈውን ፊደል ትተህ ኮፈኑን ክፈት። የሞዴሉን ቁጥር የያዘች ትንሽ የብረት ሰሌዳ ታገኛለህ። ኬኢ70 ከሆነ ሞተሩ የኬ ወገን ነው፤ ኤኢ70 ከሆነ 1,452 ሲሲው ነው፤ ሲኢ70 ናፍጣው ነው፤ ቲኢ71 ከሆነ የቲ ወገን ነው፣ ጂቲም ከዚህ ቤት ናት። ቀጥለህ ብሎኩ ላይ የተቀረጸውን የሞተር ቁጥር ከሊብሬው ጋር አስተያይ፤ በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ሞተሯ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል።

ምረጥ ብትሉኝ፣ እኔ ለደጀንና ለሞጣ መንገድ 4ኬ የያዘችውን ዲኤክስ እመርጣለሁ። ዳገቱን በዝግታ ትወጣለች፤ ነገር ግን ብትቆም ካርቡሬተሯን በጠመንጃ መፍቻ ፈትቶ የሚያጸዳ መካኒክ ቢቸናም ሞጣም ይገኛል። የጂቲ ኤሌክትሮኒክ መርጫ ቢበላሽ ግን መለዋወጫው ከሩቅ መምጣት አለበት። እዚህ አገር ደረጃ ማለት ከቤት ርቃ የቆመችን መኪና መልሶ ማስነሳት መቻል ነው፤ በዚህ ሚዛን ትንሿ ዲኤክስ ስሟን በእርግጥ አግኝታዋለች።