ግብር የበላና ግብር የከፈለ፦ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ከልጆች ጋር ማንበብ

የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ስንቱ ቤት ጸጥ ብሎ አድምጦታል። ሆኖም የሰማው ብዙ፣ ቃል በቃል ያነበበው ጥቂት ነው። ጆሮ ያልገባውን ቃል አልፎት ይሄዳል፤ ዓይን ግን ተመልሶ መጠየቅ ይችላል።

ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ሮቢት የሚያድግ ሙስሊም ልጅ መጽሐፉን ሲከፍት ደብር፣ ድጓ፣ ቅኔ የሚሉ ቃላት ይደረደሩበታል። «ይህ የኛ መጽሐፍ አይደለም» ብሎ ቢከድነው አይፈረድበትም። ወላጅም አንዳንዴ እንዲሁ ይላል። እኛ ግን አይከደን እንላለን። ቃልን ከምንባብ ውስጥ መፍታት ያልለመደ ልጅ በፈተና ላይ ይሰናከላል፤ ከዚያም በላይ የጎረቤቱን ቋንቋ በግማሽ ይዞ ያድጋል።

መንገዱ ደግሞ ለወሎ ሰው እንግዳ አይደለም። ደረሳ ሸኹ ፊት ኪታቡን ዘርግቶ አንዲት መስመር ያነባል፤ ሸኹ ቃሏን ይፈታል፣ ከየት እንደመጣች ያሳያል፣ ከዚያ ወደ ሚቀጥለው ይሻገራሉ። አንድ ገጽ ቀኑን ቢፈጅ ማንም አይደነቅም። ሰርፍ የቀራ ልጅ ከ«ከተበ» ካቲብ፣ ኪታብ፣ መክቱብ እንደሚወጡ ያውቃል። አማርኛችን ክታብና ክትባት የሚላቸውም ከዚሁ ሥር ናቸው።

እስቲ በዚሁ ዘዴ «ገባር»ን እንያዝ። በልቦለዱ የፊታውራሪ መሸሻ ገባሮች ተጨማሪ ግብር አንሰጥም ብለው ሲነሡ ፊታውራሪው ሊወጓቸው ዘምተው ይማረካሉ። ልጁ መዝገበ ቃላት ከመግለጡ በፊት ከቃሉ ጎረቤቶች ይገምት፦ ማን ይሰጣል? ማን ይቀበላል? ከዚያ ቤተሰቡን ይሰብስብ፤ ገበሬ፣ ግብርና፣ ገባር፣ ግብር። በግዕዝ «ገብረ» ማለት ሠራ ማለት ነው፤ «ገብር» ደግሞ አገልጋይ። እዚህ ላይ ሳይቸኩሉ መቆየት ይገባል። «ግብር» ገበሬው የሚከፍለው ነው፤ ጌታው አዳራሽ ውስጥ የሚያበላው ድግስም «ግብር» ነው! አንዱ ቃል ከማሳው ተነሥቶ እማዕዱ ላይ ሲደርስ ያየ ልጅ የሥርዓቱን አሠራር ያለ ሌላ አስረጂ ተረድቷል።

ይህ ደግሞ የጎጃም ወሬ ብቻ አይደለም። የራያና አዘቦ ሕዝብ በ1920ዎቹ መጀመሪያ በመንግሥት ላይ ተነሥቶ ነበር። ጭሰኝነት የተሻረው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው የመሬት አዋጅ ነው። አያት በሕይወት ካሉ፣ ልጁ «ጭሰኛ» ምን እንደነበረ እርሳቸውን ይጠይቅ፤ መዝገበ ቃላት የማይጽፈውን ይነግሩታል።

ከመግሪብ እስከ ዒሻ ግማሽ ገጽ ይበቃል። ልጁ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብ፣ ያልገባውን ሦስት ወይም አራት ቃል ደብተሩ ላይ ይጻፍ፣ በመጨረሻ የደስታ ተክለ ወልድን የ1962 ዓ.ም. መዝገበ ቃላት ከቤተ መጻሕፍት ፈልጎ ያመሳክር። ሃያ ቃል አንድ ላይ ማሸምደድ ግን በኛ አስተያየት ከንቱ ድካም ነው።

የቤተ ክርስቲያኑ ቃላትም በንጽጽር ይፈታሉ። በዛብህ እየዞረ የሚማር ተማሪ ነበር፤ የኛ ደረሳም ከሸኽ ወደ ሸኽ ይዞራል። ወላጆቹ ለበዛብህ የገቡት «ስለት» በኪታቦቻችን «ነዝር» ከሚባለው ጋር ይቀራረባል። ታዲያ ወላጅ በልጁ ሕይወት ላይ ሊሳል ይችላልን? መልሱን ልጆቹ ከመጽሐፉ ከፈለጉ በኋላ ለሸኻቸው ያቅርቡት።