እስጢፋኖስ ድወይሂ፦ በስደት መካከል የሕዝባቸውን ታሪክ የጻፉ ፓትርያርክ

ኦገስት 2 ቀን 2024፣ ከቤይሩት በስተ ሰሜን በምትገኘው ብከርኬ፣ በማሮናውያን ፓትርያርክ መንበር ግቢ ብዙ ሕዝብ ተሰብስቦ ነበር። ከሮም የተላኩት ካርዲናል ማርቼሎ ሴሜራሮ፣ ካረፉ 320 ዓመት ያለፋቸውን ፓትርያርክ እስጢፋኖስ ድወይሂን «ብፁዕ» ብለው ዐወጁ። በካቶሊኮች ሥርዓት ይህ ማዕረግ ቅዱስ ተብሎ ከመሰየም በፊት ያለው ደረጃ ነው። ዕለቱ ፓትርያርኩ የተወለዱበት ቀንም ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ማሮናውያን ስማቸውን ያገኙት በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ5ኛው መጀመሪያ በሶርያ ይኖር ከነበረው ባሕታዊ፣ ከቅዱስ ማሮን ነው። የአምልኮ ቋንቋቸው ሱርስት፣ የአፍ ቋንቋቸው ዐረብኛ ነው። የራሳቸው ፓትርያርክና የራሳቸው ቅዳሴ አላቸው፤ ከዚሁ ጋር የሮሙን ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት የበላይነት ይቀበላሉ። በኬልቄዶን ጉባኤ ውሳኔም የሚያምኑ ናቸው፤ በዚህ ከእኛ ተዋሕዶ ይለያሉ። ይህን ልዩነት አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ድወይሂ በ1630 በሰሜን ሊባኖስ ተራራ ላይ በምትገኘው በኢህደን ተወለዱ። በአገራችን ዐፄ ፋሲል የነገሡት ከዚያ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ሦስት ዓመት ሲሆናቸው አባታቸው ሞቱ፣ እናታቸው ብቻቸውን አሳደጓቸው። በ1641 የዚያው መንደር ተወላጅ የነበሩት ፓትርያርክ ጊዮርጊስ ዑመይራ ብሩህነታቸውን አይተው ከሌሎች ልጆች ጋር ወደ ሮም ላኳቸው። በዚያ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ግሪጎርዮስ 13ኛ በ1584 ለማሮናውያን ተማሪዎች የከፈቱት ኮሌጅ ነበር። የ11 ዓመቱ ልጅ እስከ 1655 ድረስ በሮም ቆዩ። ከንባብ ብዛት ዐይናቸው ሊጠፋ ደርሶ እመቤታችንን ለምነው እንደ ዳኑ ማሮናውያን እስከ ዛሬ ይተርካሉ። በዚሁ ዘመን፣ በ1649፣ ኢትዮጵያዊው አባ ጎርጎርዮስ በሮም ለጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ ግዕዝና አማርኛ ያስተምሩ ነበር። ሁለቱ የምሥራቅ ሰዎች ተገናኝተው ይሁን አይሁን የሚናገር ማስረጃ አላየሁም፤ ግን በአንድ ከተማ፣ በአንድ ዘመን ነበሩ።

ድወይሂ በሮም ሳሉ ከንግግርና ከፍልስፍና ትምህርት ሌላ ሁልጊዜ የሚያደርጉት አንድ ነገር ነበር። በየቤተ መጻሕፍቱ እየገቡ ስለ ማሮናውያን የተጻፈውን ሁሉ ይገለብጡ ነበር። አውሮፓ መቅረት ሲችሉ ይህን ክምር ይዘው አገራቸው ገቡ። በ1656 ቅስናን ተቀበሉ፣ የኢህደንን ልጆች አስተማሩ፣ ቀጥሎም ወደ ሐለብ ከተማ ሄደው ለበርካታ ዓመታት ሰበኩ። በ1668 የቆጵሮስ ጳጳስ ሆኑ። በ1670 ደግሞ ገና 40 ዓመት ሳይሞላቸው በቃዲሻ ሸለቆ ባለው በቀኖቢን ገዳም ፓትርያርክ ሆነው ተመረጡ። ከዚያ በኋላ 34 ዓመት በመንበሩ ቆዩ።

ይህ ዘመን የመከራ ዘመን ነበር። አገሩን የያዙት ኦቶማኖች ነበሩ፤ የትሪፖሊ ፓሻ በተራራው ላይ ግብር የመሰብሰቡን ሥራ ለአካባቢው ባላባቶች በኮንትራት ይሰጥ ነበር። በቀኖቢን ዙሪያ ያለው ምድር የሐማዳ ሼኮች ድርሻ ሆነ። ፓሻው የሚጠይቀውን ገንዘብ ከፍ ባደረገ ቁጥር ሼኮቹ ገበሬውን ያስጨንቃሉ። ገንዘቡ ካልገባ ደግሞ ፓሻው ጦር ይልክባቸዋል፤ ጦሩ ሼኮቹን ሲያሳድድ የሚቃጠለው የገበሬው መንደር ነው። ገንዘብ ያለው ይመስል በመጀመሪያ የሚፈለገው ፓትርያርኩ ነበር። ስለዚህ ድወይሂ አንዴ በቃዲሻ ዋሻዎች ይደበቁ ነበር፤ አንዴ ወደ ከስርዋን ወደ ኻዚን ባላባቶች ይሸሹ ነበር፤ አንዴም በስተ ደቡብ ወዳለው ወደ ሹፍ ወርደው በድሩዞቹ አሚር በአሕመድ ማዕን ጥላ ሥር መጅደል መዑሽ በምትባል መንደር ተቀመጡ። ፓትርያርኩን የጠበቋቸው የሌላ እምነት ሰው እንደነበሩ ልብ ማለት ይገባል፤ የሊባኖስን የዚያን ዘመን ታሪክ የክርስቲያንና የእስላም ጠብ ብቻ አድርጎ መተረክ ስሕተት ነው።

የሚያስደንቀኝ በዚህ ሁሉ ሽሽት ውስጥ መጻፋቸውን አለማቋረጣቸው ነው። የዘመናት ታሪክ የሚባለው ትልቁ ሥራቸው በየዓመቱ የሆነውን እየመዘገበ እስከ 17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ይደርሳል፤ ድርቁን፣ ወረርሽኙን፣ የባላባቶቹን ጦርነት፣ የተሾመውንና የተሻረውን ሁሉ ያነሣል። ስለ ቅዳሴ የጻፉት መናረት አል አቅዳስ ደግሞ የማሮናውያንን ሥርዓት ከየመንደሩ በሰበሰቧቸው ጥንታዊ የብራና መጻሕፍት አመሳክሮ የሚያስረዳ ነው። በ1695 ከሐለብ የመጡ ሦስት ወጣቶችን ተቀብለው የሊባኖስ ማሮናውያን የመነኮሳት ማኅበር እንዲቋቋም ፈቀዱ፤ በ1700 ደንቡን አጸደቁለት።

ለምን ጻፉ? በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመስቀል ጦርነት ታሪክ ጸሐፊው የጢሮስ ዊልያም፣ ማሮናውያን ቀድሞ በክርስቶስ አንድ ፈቃድ ብቻ አለ የሚል ትምህርት ይከተሉ እንደነበርና በ1180ዎቹ ገደማ ወደ ሮም እንደተመለሱ ጽፎ ነበር። ይህ ቃል ሕዝባቸውን መናፍቅ የነበረ ያደርገዋልና ድወይሂን አንገበገባቸው። ቤተ ክርስቲያናቸው ከመጀመሪያው ጀምሮ ከቀናች ሃይማኖት ወጥታ አታውቅም ብለው ተሟገቱ። የአሁን ዘመን ተመራማሪዎች ይህን ክርክር በጥንቃቄ ያዩታል። ሊባኖሳዊው የታሪክ ምሁር ከማል ሳሊቢ በ1959 ባሳተመው ጥናት የእሳቸውን ምንጮች አንድ በአንድ መርምሯል። የእኔም አስተያየት ይኸው ነው፤ ስለ ሃይማኖት ሲጽፉ ጠበቃ ናቸው፣ ስለ መንደርና ስለ ሰው ሲጽፉ ግን የታመኑ ምስክር ናቸው።

አሁን ወደ ተዋሕዶው ነገር ልመለስ። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በቃዲሻና በኢህደን አካባቢ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ይኖሩ ነበር። በኢህደን ያለ አንድ ገዳም እስከ ዛሬ የሐበሾች ቅዱስ ያዕቆብ እየተባለ ይጠራል። በዘመኑ የብሸሪ ሹም የነበረው ዐብደል ሙንዒም የኬልቄዶንን ጉባኤ ወደማይቀበሉት ወደ ሶርያ ያዕቆባውያን ባዘነበለ ጊዜ፣ የእኛም መነኮሳት በእምነት ከያዕቆባውያን ጋር አንድ ስለሆኑ በጠቡ ውስጥ ገቡ። በምዕተ ዓመቱ ማብቂያ ገደማ የኢህደን ሰዎች ተነሥተው ከገዳሙ አስወጧቸው። ይህን የመዘገቡልን ድወይሂ ናቸው። የጻፉት በተቃራኒው ወገን ቆመው ነው፤ መነኮሳቱን እንደ መናፍቃን፣ መባረራቸውንም እንደ ድል ያያሉ። ቢሆንም ሳይሸሽጉ ስለጻፉት፣ ከኢየሩሳሌም አልፈው ሊባኖስ ተራራ ድረስ የደረሱትን መነኮሳት ዱካ ልንከተል ችለናል። ዩኔስኮም በ1998 ሸለቆውን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ በዚያ ከኖሩት ማኅበረ ክርስቲያናት መካከል ኢትዮጵያውያንን ጠቅሷል።

ድወይሂ ሜይ 3 ቀን 1704 በቀኖቢን ዐረፉ። የተቀበሩትም በገዳሙ አጠገብ፣ ብዙ ፓትርያርኮች ባረፉበት በቅድስት ማሪና ዋሻ ነው። መጻሕፍታቸው በማተሚያ ቤት መውጣት የጀመሩት ግን በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው፤ ያን ያህል ጊዜ በእጅ እየተገለበጡ ቆይተዋል።

የኢትዮጵያ ገዳማትን ታሪክ የምታጠኑ ወጣት ተመራማሪዎች ዐረብኛ ተማሩ፤ የድወይሂንም መዝገብ ከግዕዝ ምንጮቻችን ጎን አስቀምጣችሁ አንብቡ። በኢየሩሳሌም ስለነበሩት አባቶች ብዙ ተጽፏል፤ በሊባኖስ ስለነበሩት ግን በአማርኛ የሚነበበው እጅግ ጥቂት ነው።