ድጋፉን ለቆ በጣት ጫፍ መቆም

የባሌት ዳንስ መማር የጀመርኩት ዕድሜዬ ከገፋ በኋላ፣ በምኖርበት በዋሽንግተን አካባቢ፣ ከሥራ መልስ በሚሰጥ የማታ ክፍል ነው። ለዓመታት በለስላሳው ጫማ ከሠራሁ በኋላ አስተማሪያችን በጣት ጫፍ ለመቆም የሚያስችለውን አፍንጫው ደረቅ ጫማ ፈቀዱልኝ። ግድግዳው ላይ የተገጠመውን የእንጨት መደገፊያ፣ ማለትም ባሩን፣ ይዤ ስቆም ሁሉም ነገር የተሳካልኝ ይመስለኝ ነበር። ወደ አዳራሹ መሐል በወጣሁበት ቀን ግን ቁርጭምጭሚቴ ታጠፈና ለሦስት ሳምንታት አነከስኩ። እግሬ ቢድንም ፍርሃቱ አልለቀቀኝም።

ለመሆኑ ባሩን ይዞ የሚቆም እግር ያለ ባሩ ለምን ይከዳል? ሰው ሚዛኑን የሚጠብቀው በዐይኑ፣ በውስጠኛው የጆሮ ክፍልና ከጡንቻዎቹ፣ ከመገጣጠሚያዎቹና ከቆዳው ወደ አንጎል በሚሄደው መልእክት ነው። ጣታችን የማይንቀሳቀስ ነገር ሲነካ ተጨማሪ መልእክት ይገኛል። ንክኪው ክብደት የማይሸከም ቢሆን እንኳ የሰውነትን መወዛወዝ ይቀንሳል። በመሆኑም ባሩን በድንገት የሚለቅ ሰው ምርኩዙን ብቻ ሳይሆን መረጃውንም ያጣል ማለት ነው።

በዚያ ላይ የሚቆምበት ቦታ ጠባብ ነው። በተደራረበ ጨርቅ፣ ወረቀትና ሙጫ የሚሠራው የጫማው አፍንጫ ስፋቱ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። የሰውነት ክብደት ከዚህች ቦታ በላይ ካልዋለ ጉልበት ብቻውን አያድንም። እኔ ባሩን እጎትት ስለነበር ዳሌዬ ወደ ኋላ መቅረቱን ሳላውቀው ኖሬያለሁ።

ሌላው ስህተቴ ሚዛን ማለት እንደ ሐውልት ደርቆ መቆም ነው ብዬ ማሰቤ ነበር። በጣት ጫፍ የቆመች ባሌሪና ግን ያለማቋረጥ በጥቂት በጥቂቱ ራሷን ታስተካክላለች። ፈርቶ የሚደርቅ ሰው ይህንኑ ማስተካከያ ይከለክላል።

"ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" እንዲሉ፣ አስተማሪያችን እንደገና ከታች አስጀመሩኝ። በመጀመሪያ በለስላሳ ጫማ፣ በአንድ እግር ተረከዝን እያነሱ ቀስ ብሎ መመለስ፤ ያለማቋረጥ 20 ጊዜ እስክደርስ ድረስ። ቀጥሎ ባሩን በሙሉ እጅ ሳይሆን በሁለት ጣት መንካት፤ ከዚያም እጄን ከባሩ በላይ በትንሹ ማንሳት። መሐል ስንወጣም መጀመሪያ በሁለት እግር፣ በኋላ በአንድ እግር ሆነ። ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ ግን መውረድን መማሬ ነው። ሚዛኔ ሲያጋድል ጉልበቴን አጠፍ አድርጌ በጸጥታ ማረፍ ስችል፣ መውጣቱ ያን ያህል አላስፈራኝም።

ይህንኑ ጥበብ በትልቅ መድረክ ማየት የሚሻ "ተኝታ የነበረችው ውብ" በተሰኘው ባሌት ውስጥ "የጽጌረዳ አዳጂዮ" የተባለውን ክፍል ይመልከት። ማሪዩስ ፔቲፓ በቻይኮቭስኪ ሙዚቃ አቀናብሮት እ.ኤ.አ. በ1890 በሴንት ፒተርስበርግ ማሪንስኪ ቴአትር ለመጀመሪያ ጊዜ ቀረበ። ልዕልት ኦሮራ በአንድ እግሯ ጣት ጫፍ ቆማ፣ አራት መሳፍንት በየተራ እጇን ይይዛሉ። አንደኛው ለቆ ሌላኛው እስኪይዝ ባለው ጊዜ ብቻዋን ናት። እጇን ስትዘረጋ መስፍኑን ጨምቃ የምትይዝ ከሆነ፣ ሲለቃት መንገዳገዷ አይቀርም።

ልጆቻቸው ይህን ጫማ የሚጠይቋቸው ወላጆች ደግሞ አይቸኩሉ። ብዙውን ጊዜ የሚጀመረው ከ11 ወይም ከ12 ዓመት ገደማ ወዲህ፣ ለዓመታት ከተዘጋጁ በኋላ፣ እግራቸውን የሚያውቅ አስተማሪ ሲፈቅድ ነው። ቤት ውስጥ ብቻቸውን ሊሞክሩት አይገባም።

እኔ ዛሬ በአዳራሹ መሐል ጥቂት ሰከንዶች እቆማለሁ። ለተመልካች ብዙ አይደለም። ለእኔ ግን በራስ መተማመን ቀድሞ የሚገኝ ስሜት ሳይሆን፣ በተደጋጋሚ ወጥቶ በሰላም ከወረዱ በኋላ የሚመጣ እንደሆነ ያወቅሁበት ነው።