የኖራ ብናኝና የበታኙ ዓይን

በጉና ተራራ ግርጌ በሚገኙት የላይ ጋይንትና የእስቴ ደጋማ ቀበሌዎች ዝናቡ የአፈሩን ካልሲየም ለዘመናት አጥቦ ስለወሰደው ብዙው ማሳ ኮምጥጧል። መድኃኒቱ ኖራ ነው። ስለ መጠኑ በየስብሰባው ይነገራል፤ ስለሚበትነው ሰው ግን የሚነገረው ጥቂት በመሆኑ ይህን ለልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት አዘጋጅተናል። (የስማዳ ቆላ ሌላ ነው፤ በዚያ አፈሩ ሳይመረመር ኖራ ባይጫን ይሻላል።)

ኖራ ሁሉ አንድ አይደለም። የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ቆዳ አያቃጥልም፤ ብናኙ ብቻ ዓይንና ጉሮሮ ይቆጠቁጣል። በምድጃ የተቃጠለው ኖራ ግን ውሃ ሲነካው ይግላል፣ ሥጋም ይበላል። ውሃ ጠጥቶ ዱቄት የሆነውም ሙቀቱ ቢያልፍ የማቃጠል ኃይሉ አልለቀቀውም። ታዲያ ማኅበራት ለምን ይመኙታል ቢባል፣ 56 ኪሎ ንጹሕ የተቃጠለ ኖራ የ100 ኪሎ ድንጋይ ዱቄትን ሥራ ስለሚሠራ ነው። እስከ ነፋስ መውጫ የጭነት ኪራይ ለሚከፍል ማኅበር ይህ ያጓጓል። እኛ ግን መነጽርና ጓንት ለሌለው ገበሬ እንዲሰጥ አንመክርም።

ጽሑፍ የሌለው ጆንያ ሲመጣ ጥቂት ዱቄት በገል ላይ አድርጋችሁ፣ ፊታችሁን አርቃችሁ ውሃ ጠብ አድርጉበት። ከጋለ የተቃጠለ ነው። ባይግልም በሌላ ቁንጥር ላይ ሎሚ ጭመቁ፤ አረፋ ካላወጣ የሚያቃጥል ነው ብላችሁ ያዙት።

ብናኙ በላብ ሲርስ አንገትንና ብብትን ይልጣል። ስለዚህ እጅጌው ረዥም ልብስና ጫማ ያስፈልጋል፤ ሲበተንም ነፋስ ከኋላ ይሁን። ቆዳ ላይ የወደቀውን ደረቅ ዱቄት አስቀድሞ ማራገፍ፣ ከዚያ በብዙ ውሃ ማጠብ ነው።

ዓይን ውስጥ ሲገባ ግን ማመንታት አያስፈልግም። ኖራ ሕመሙ ቢበርድም ወደ ውስጥ መብላቱን ስለሚቀጥል ብሌኑን ያጠፋል። ሽፋሽፍቱን ገልጦ፣ ጉድፉን እያስወጡ፣ በንጹሕ ውሃ ሳያቋርጡ ቢያንስ 30 ደቂቃ ማጠብና ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ይገባል። ቅቤ፣ ወተት ወይም «ኮምጣጤው ያረክሰዋል» በሚል ሎሚ ማድረግ ጉዳቱን ያብሳል። አንድ ጀሪካን ውሃ ማሳው ዳር ሳይቀመጥ ጆንያ አይፈታ።

በመጋዘንም የተቃጠለ ኖራ በሚያፈስ ጣሪያ ሥር ከተቀመጠ ግሎ ጆንያውን እስከ ማቃጠል ይደርሳል። ከዩሪያና ከኤን.ፒ.ኤስ. ማዳበሪያ ጋርም አይደባለቅ፤ የሚወጣው የአሞኒያ ሽታ መጋዘን ጠባቂውን ያፍነዋል፣ ናይትሮጅኑም ገበሬው ዘንድ ሳይደርስ በአየር ይጠፋል።